ቤት ከመግዛታችሁ በፊት ካርታውን ራሳችሁ አጣሩ

ወደ ዝግጅት ክፍላችን ከሚደርሱ ጥያቄዎች መካከል ከትዳርና ከውርስ ቀጥሎ ተደጋግሞ የሚነሳው የቤት ግዢ ጉዳይ ነው። ጠያቂዎቹ በአብዛኛው ትልልቅ ባለሀብቶች አይደሉም። በጅዳ ወይም በዱባይ በሰው ቤት ተቀጥራ ለዓመታት ያጠራቀመችውን ይዛ አነስተኛ ግቢ ልትገዛ ያሰበች እህት፣ ከመርካቶ ሱቁ ያተረፈውን በኮንዶሚኒየም ላይ አውሎ ሊያከራይ የሚፈልግ ወንድም፣ ዕቁባቸውን አንድ ላይ አድርገው የገቡ ወንድማማቾች ናቸው። የሚያሳዝነው ጥያቄው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ መሆኑ ነው። “ቤቱ ባንክ ተይዞ ኖሯል”፣ “የሟች ሌላ ልጅ መጣ”፣ “የሻጩ ሚስት ከሰሰች” ይሉናል።

ስለዚህ በአዲስ አበባ ቤት የሚገዛ ሰው ቀብድ ከመክፈሉ በፊት በራሱ እግር ሄዶ ማጣራት የሚችለውን እዚህ ጽፈናል። ጠበቃ አያስፈልግም እያልን አይደለም። ይሁንና ጠበቃውም የሚሠራው እናንተ በምታመጡለት ወረቀት ነው፤ ደላላው ደግሞ ኮሚሽኑን የሚያገኘው ሽያጩ ሲፈጸም እንጂ ሲቀር አይደለም።

አንድ ነገር አስቀድመን እናንሳ። “ሰውየውን ከመስጊድ እናውቀዋለን፣ ሶላቱን የማያጓድል ነው፣ ወረቀት ማገላበጥ ነውር ነው” የሚሉ ወገኖች አሉ። የቁርኣን ረጅሙ አያ፣ የሱረቱል በቀራ 282ኛው፣ ስለ ዕዳ መጻፍና ስለ ምስክር የወረደ መሆኑን እናስታውሳቸው። ማጣራት ሰውን መጠርጠር አይደለም። ሻጩ ራሱ የማያውቀው ዕገዳ በቤቱ ላይ ሊኖር ይችላልና።

የሚገዛው ምንድን ነው?

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። የምትገዙት ቤቱን ሲሆን፣ ከቤቱ ጋር የመሬቱ የመጠቀም መብት፣ ማለትም ይዞታው ይተላለፍላችኋል። ይህ የቃላት ጨዋታ አይደለም። ባዶ መሬት “እሸጥልሃለሁ” የሚል ሰው ከመነሻው ሊሸጥ የማይችለውን ነገር እያቀረበ ነው።

ይዞታው ነባር ነው ወይስ ሊዝ? የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ ይህ ይሁን። በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት ነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ሲተላለፍ ገዢው ቦታውን የሚይዘው በሊዝ ሥሪት ነው። ሻጩ ለዘመናት የከፈለው ትንሽ የቦታ ኪራይ ለእናንተ አይቀጥልም ማለት ነው። ዋጋ ከመቁረጣችሁ በፊት በየዓመቱ ምን ያህል ሊዝ እንደሚታሰብባችሁ ክፍለ ከተማውን ጠይቁ። ብዙ ሰው ይህን የሚሰማው ስም ሊያዛውር በሄደበት ቀን ነው።

ቦታው አስቀድሞም በሊዝ የተያዘ ከሆነ የሊዝ ውሉን ራሱን አንብቡ። ለመኖሪያ ቤት የሊዝ ዘመኑ 99 ዓመት ነው። ዓመታዊው ክፍያ ውዝፍ አለበት ወይ? ግንባታው በውሉ በተቀመጠው ጊዜ ተጀምሯል ወይ? በዚሁ አዋጅ ግንባታ ያልጀመረ ወይም ግማሽ ያላደረሰ የሊዝ ባለይዞታ መብቱን ሲያስተላልፍ በሽያጩ የሚያገኘው ጥቅም የተገደበ ነው። የከፈለውን ሊዝ ከነወለዱ፣ የሠራውን ግንባታ ዋጋና ከሊዝ መተላለፊያ ዋጋው 5 በመቶ ብቻ ይወስዳል። “መሠረት ወጥቶለታል፣ ቶሎ ግዙት” ሲባል ሻጩ ከዚህ ገደብ ለማምለጥ እየሞከረ እንደሆነ ጠርጥሩ።

ካርታውን ማንበብ

የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ ላይ የባለይዞታው ስም፣ ክፍለ ከተማና ወረዳ፣ የቤት ቁጥር፣ የካርታ ቁጥር፣ የቦታው ስፋት በካሬ ሜትር፣ የይዞታው ዓይነትና የተፈቀደለት አገልግሎት ይገኛል። አገልግሎቱን የሚመለከተውን መስመር ብዙዎች ይዘሉታል። ካርታው መኖሪያ የሚል ከሆነ፣ አሁን ሱቅ ሆኖ ኪራይ እያመጣ መሆኑ ነገም እንዲህ ለመቀጠሉ ዋስትና አይሆንም።

ስሙን ከመታወቂያው ጋር እስከ አያት ድረስ አስተያዩ። ይህ በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ ትልቅ ጣጣ ነው። በካርታው ላይ “መሐመድ”፣ በመታወቂያው “ሙሐመድ”፣ በፓስፖርቱ ደግሞ ሌላ ዓይነት አጻጻፍ ያለው ሰው ጥቂት አይደለም። ለእኛ አንድ ስም ነው፤ ለመዝገብ ቤቱ ግን ሁለት ሰው ሊሆን ይችላል። ሻጩ ከሽያጩ በፊት እንዲያስተካክለው ወይም ሁለቱ ስም የአንድ ሰው መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ እንዲያመጣ አድርጉ። በተቃራኒው “መሐመድ አህመድ” የሚለው ስም የሺዎች ነው። ስሙ ስለገጠመ ብቻ ሰውየው ባለካርታው ነው ብላችሁ አትቀመጡ፤ ፎቶውንና የአያት ስሙን ከማህደሩ ጋር አመሳክሩ።

ቀጥሎ ሜትር ይዛችሁ ግቢውን ለኩ። ካርታው 160 ካሬ እያለ አጥሩ 190 ከሆነ፣ 30ው ካሬ የሻጩ አይደለም፤ ሊሸጥላችሁም አይችልም። ልኬቱ ከካርታው ቢያንስ ደግሞ ጎረቤት ገፍቶ ይሆናልና የድንበር ክርክር መኖር አለመኖሩን ጎረቤቶችን ጠይቁ። ከጎረቤት ጋር ቡና ጠጥቶ ማውራት ማንም መሥሪያ ቤት የማይሰጠውን መረጃ ይሰጣል። ማን በዚያ ቤት ይኖር እንደነበር፣ ስንት ወንድምና እህት እንዳደገበት፣ ማን ወደ አረብ አገር እንደሄደ ጎረቤት ያውቃል።

በቤቱ ውስጥ ከሻጩ ሌላ የሚኖር ሰው ካለም በምን መብት እንደተቀመጠ ራሱን ጠይቁት። ተከራይ ከሆነ ውሉን እዩ። “ዘመድ ነው፣ ይወጣል” የሚለውን መልስ እኛ አንወደውም፤ ዘመዱ ወራሽ ሊሆን ይችላል።

ማህደሩ ያለበት ቢሮ

ካርታ እውነተኛ መሆኑ የሚታወቀው ወረቀቱን በብርሃን አቅንቶ በማየት አይደለም፤ ቢሮ ያለውን ማህደር በማየት ነው። ማህደሩ የሚገኘው በክፍለ ከተማው የመሬት ልማትና አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ነው። በአዋጅ ቁጥር 818/2006 መሠረት የይዞታ ማረጋገጥ ሥራ በተሠራባቸው ቀጠናዎች ደግሞ ምዝገባው በመሬት ይዞታ ምዝገባና መረጃ ኤጀንሲ ቅርንጫፍ ነው። የትኛው ቢሮ እንደሚመለከታችሁ ወረዳው ይነግራችኋል።

በተግባር መረጃውን የሚጠይቀው ባለይዞታው ወይም ወኪሉ ነው። ስለዚህ ከሻጩ ጋር አብራችሁ ሂዱ። “እኔ አጣርቼ አመጣላችኋለሁ” የሚል ሻጭና “የማውቀው ሰው ውስጥ አለ” የሚል ደላላ አንድ ዓይነት ምክንያት ነው የሚሰጧችሁ። ሻጩ ከእናንተ ጋር ቢሮ ለመሄድ ካልፈቀደ፣ ማጣራቱ ለእናንተ በዚያው አልቋል፤ ሌላ ቤት ፈልጉ።

በማህደሩ ውስጥ ሦስት ነገር ነው የምትፈልጉት። አንደኛው ዕዳ ነው። ባንክ ቤቱን በመያዣ ይዞት ከሆነ መያዣው በማህደሩ ይመዘገባል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ የተመዘገበ መያዣ ቤቱ ሌላ ሰው እጅ ቢገባም አብሮት ይሄዳል፤ ምዝገባውም ከተደረገበት ቀን ጀምሮ ለ10 ዓመት ይጸናል። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንኮች ዕዳ ያልተከፈለበትን መያዣ ፍርድ ቤት ሳይሄዱ ራሳቸው በሐራጅ የመሸጥ ሥልጣን አላቸው። ገንዘቡን የተበደረው ሰው ከፍሎ ይጨርሳል ብሎ መተማመን እንግዲህ ቤቱን በሰው ትከሻ ላይ መሥራት ነው።

ወለድ አልባ ባንክ ቢሆንስ? ያው ነው። ቤቱ በሙራባሃ በዘምዘም፣ በሂጅራ ወይም በሌላ ባንክ የወለድ አልባ መስኮት በኩል የተገዛ ወይም ለንግድ ፋይናንስ በረህን የተያዘ ከሆነ፣ ያልተከፈለው ዕዳ ዕዳ ነው፤ ዕገዳውም ዕገዳ ነው። እንዲህ ያለ ቤት መግዛት አይቻልም ማለት አይደለም። ባንኩ የቀረውን ሂሳብ በጽሑፍ እንዲያሳውቅ አድርጉ፤ ያን ያህል ገንዘብ በሻጩ እጅ ሳይሆን በቀጥታ ለባንኩ ክፈሉ፤ ባንኩም ለመሬት ቢሮው የዕገዳ ማንሻ ደብዳቤ እንዲጽፍ ጠብቁ። ቀሪውን ለሻጩ የምትሰጡት ደብዳቤው ማህደሩ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው።

ሁለተኛው የፍርድ ቤት ወይም የግብር ዕገዳ ነው። በክርክር ላይ ያለ ቤት እንዳይሸጥ ፍርድ ቤት ሲያዝ ትዕዛዙ ለመሬት ቢሮው ይጻፋል። የግብር ዕዳ ያለበት ነጋዴ ቤትም እንዲሁ ሊታገድ ይችላል። ዕገዳ የሚመጣው በማንኛውም ቀን ስለሆነ አንዴ ያጣራችሁት ነገር ለወር አይቆይም። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ጊዜ፣ ውል በምትፈራረሙበት ቀን ደግሞ ሌላ ጊዜ አጣሩ። “ባለፈው ሳምንት ነጻ ነበር” የሚለው ለማንም መልስ ሆኖ አያውቅም።

ሦስተኛው ቤቱ ወደ ሻጩ የመጣበት መንገድ ነው። በምሪት ነው? በጨረታ? በግዢ? በስጦታ? በውርስ? ማህደሩ ይህን ይነግራችኋል፤ ቢያንስ ሁለት ዝውውር ወደ ኋላ ተመልሳችሁ እዩ። ዕድሜ ጠገብ ቤቶች ላይ ደግሞ የአዋጅ ቁጥር 47/1967 ጥላ አለ። በዚያ አዋጅ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ለመንግሥት ሲሆን፣ በአንድ ግቢ ውስጥ አንዱ ቤት የግል፣ ሌላው የቀበሌ ሆኖ የቀረበት ቦታ ብዙ ነው። ግቢው ሁሉ በአንድ አጥር ውስጥ ስለሆነ ብቻ ሁሉም የሻጩ ነው ማለት አይደለም።

እግረ መንገዳችሁን የፕላን ጉዳይ ጠይቁ። ቦታው መንገድ ይነካዋል ወይ? በመልሶ ማልማት ወይም በኮሪደር ልማት ክልል ውስጥ ነው ወይ? ዘንድሮ በአዲስ አበባ ይህን ሳይጠይቁ ቤት መግዛት ከባንክ ዕዳ ያልተናነሰ አደጋ አለው። የግንባታ ፈቃዱንም ተመልከቱ፤ ፈቃዱ ለአንድ ፎቅ ሆኖ ሦስት ፎቅ ከተሠራ ችግሩን የምትወርሱት እናንተ ናችሁ። የቤትና የቦታ ግብር ደረሰኞችን ማየት ደግሞ ቀላሉ ነው፤ ውዝፍ ካለ ስም አይዛወርም።

ሚስት ሳትፈርም

የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 በጋብቻ ዘመን ያለን ንብረት ሁሉ፣ በአንደኛው ስም ብቻ ቢመዘገብም፣ ተቃራኒው እስካልተረጋገጠ የጋራ ነው ብሎ ይገምታል። የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ያልፈረመ የትዳር ጓደኛ ሽያጩን ካወቀ በ6 ወር ውስጥ፣ ቢዘገይ ውሉ በተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲሰርዘው መጠየቅ ይችላል። ሁለት ዓመት ሙሉ የገዛችሁት ቤት የእናንተ ስለመሆኑ እርግጠኛ አትሆኑም ማለት ነው።

ሻጩ “ያላገባ” ወይም “የፈታ” መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ ከወረዳ ሊያመጣ ይችላል። እዚህ ላይ ቆም በሉ። ወረዳው የሚያውቀው የተመዘገበውን ነው። በሃይማኖት ሥርዓት የተፈጸመ ጋብቻ በሕጉ የጸና ጋብቻ ነው። ብዙ ኒካሕ ግን በወረዳ ሳይመዘገብ በሽማግሌና በኢማም ፊት ታስሮ የሚቀር ነው። በወረቀት ያላገባ፣ በእውነቱ ግን ሁለት ቤተሰብ ያለው ሰው አለ። ስለዚህ የወረዳውን ወረቀት ከያዛችሁ በኋላ ሰፈሩንና መስጊዱን ጠይቁ። ሁለት ሚስት ካለች ሁለቱም ይፈርሙ። ቤቱ ከጋብቻ በፊት የተገኘ ወይም በውርስ የመጣ የግል ንብረት ነው የሚባል ከሆነም ይህንኑ ሚስቲቱ በፊርማዋ ታረጋግጥ። ይህን መጠየቅ የሚያሳፍር ሊመስል ይችላል፤ የአንዲት እህት ቤት ሳታውቅ ከላይዋ ሲሸጥ የገዢ ወገን መሆን ግን የባሰ ያሳፍራል።

የውርስ ቤት

ከማጣራቱ ሁሉ ጊዜ የሚወስደው ይህ ነው፤ ሰው የሚቸኩለውም እዚሁ ላይ ነው።

የውርስ ቤት ሲገዛ በመጀመሪያ የሚታየው የወራሽነት ማስረጃው ነው። የትኛው ፍርድ ቤት ነው የሰጠው? በአገራችን ሙስሊም ሟች የተወው ውርስ በሁለት መንገድ ሊታይ ይችላል። በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የተቋቋሙት የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ተከራካሪዎች ከፈቀዱ ውርስን፣ ሂባንና ወቅፍን ያያሉ። ፈቃድ ከሌለ ጉዳዩ በመደበኛው ፍርድ ቤት በፍትሐ ብሔር ሕጉ ይታያል። በሁለቱ መንገዶች የሚለያየው የድርሻው መጠን ብቻ አይደለም፤ ወራሽ የሚባለው ሰው ራሱ ይለያያል።

በምሳሌ እንየው። አንድ ሰው ሚስቱን፣ እናቱን፣ ሁለት ወንድ ልጆችና አንዲት ሴት ልጅ ትቶ ሞተ እንበል። በፈራኢድ ሕግ ሚስት አንድ ስምንተኛ፣ እናት አንድ ስድስተኛ ይወስዳሉ፤ የቀረው ወንዱ የሴቷን እጥፍ እየወሰደ ለልጆች ይከፈላል። ቤቱን 120 ድርሻ ብናደርገው የሚስት 15፣ የእናት 20፣ የሁለቱ ወንዶች 34፣ 34፣ የሴቷ ልጅ ደግሞ 17 ይሆናል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ግን ልጆች ካሉ ወላጅ አይወርስም፤ ሦስቱ ልጆች እኩል ይካፈላሉ፤ ሚስት ከጋራ ንብረቱ ግማሿን ትወስዳለች እንጂ በልጆች ላይ ወራሽ ሆና አትገባም። እናንተ በመደበኛው ፍርድ ቤት ማስረጃ ከሦስት ልጆች ብቻ ገዝታችሁ ቤተሰቡ ግን በሸሪዓው ተስማምቶ የነበረ ከሆነ፣ የልጆቹ አያት ድርሻዋን ይዛ ልትመጣ ትችላለች። ስለዚህ የፍርድ ቤቱን ማኅተም ብቻ ሳይሆን ዝርዝሩን አንብቡ፤ በሁለቱም ሥርዓት ወራሽ ሊባል የሚችል ሰው ሁሉ በፊርማ እንዲገባ ወይም መብት እንደሌለው በጽሑፍ እንዲያረጋግጥ አድርጉ።

የወራሽነት ማስረጃ የክፍፍል ማስረጃ አይደለም። ታላቅ ወንድም ማስረጃውን ይዞ ስለመጣ ብቻ ቤቱን መሸጥ አይችልም፤ ድርሻቸውን ተካፍለው ቤቱ ለእሱ ካልደረሰው በቀር ሁሉም ይፈርማሉ ወይም ይወክሉታል። ከወራሾቹ አንዱ አካለ መጠን ያልደረሰ ከሆነ አሳዳጊው የፍርድ ቤት ፈቃድ ማምጣት አለበት። የየቲም ገንዘብ ነገር ለአንባቢያችን ማስረዳት የሚያስፈልገው አይመስለንም።

ያልተጠራ ወራሽ መቼ ድረስ ሊመጣ ይችላል? በፍትሐ ብሔር ሕጉ ወራሽ መብቱንና ንብረቱ በሌላ መያዙን ካወቀ በኋላ 3 ዓመት አለው፤ ባያውቅ ደግሞ የጊዜው ጣሪያ 15 ዓመት ነው። አረብ አገር ሄዳ ዓመታት ድምጿ የጠፋ እህት ያለችበት ቤተሰብ ቤት ስትገዙ ይህን ቁጥር አስታውሱ። ቤተሰቡ “እሷ አትመጣም” ሊላችሁ ይችላል። የእሷ ድርሻ ግን ባትመጣም የእሷ ነው።

“አባታችን በሕይወት እያለ ለእኔ ሰጥቶኛል” የሚል ሻጭም ያጋጥማችኋል። ሂባ በሸሪዓችን የታወቀ ነገር ነው። ነገር ግን በፍትሐ ብሔር ሕጉ የማይንቀሳቀስ ንብረት ስጦታ በግልጽ ኑዛዜ ፎርም ካልተደረገ ዋጋ የለውም። በመስጊድ ግቢ በሽማግሌ ፊት በቃል የተሰጠ ቤት በማህደሩ ላይ አሁንም የአባት ነው፤ ስለዚህ የውርስ ቤት ነው ብላችሁ ያዙት።

ከወራሾች አንዱ ድርሻውን ብቻ ሊሸጥላችሁ ቢፈልግስ? የጋራ ባለቤቶች ከባዕድ ገዢ ቀድመው የመግዛት መብት አላቸው፤ በፊቅህ ሹፍዓ የምንለው ነው። ለሌሎቹ ቀርቦላቸው እንደማይፈልጉ በጽሑፍ ካልገለጹ አትግቡበት።

ወቅፍ የሆነ ቤት

ይህን ለየት አድርገን የጻፍነው ሌላ ቦታ ስለማይነገር ነው። በቀድሞ ዘመን ለመስጊድ ወይም ለመድረሳ ወቅፍ የተደረጉ ቤቶችና ቦታዎች ብዙዎቹ በመስጊዱ ስም ካርታ የላቸውም። አንዳንዱ በሰጪው ስም፣ አንዳንዱ በቀድሞ አስተዳዳሪ ስም ቀርቷል። ሰውየው ሲሞት ልጆቹ ወርሰው ለሽያጭ ሊያቀርቡት ይችላሉ፤ አንዳንዴ ወቅፍ መሆኑን ሳያውቁ። ካርታው ንጹህ፣ ማህደሩ ንጹህ፣ ዕዳ የለ፣ ዕገዳ የለ። ወቅፍ ግን አይሸጥም፣ አይወረስም፤ ጀመዓው ሲነቃ ክሱ የሚመጣው ገዢው ላይ ነው። ከዱንያው ክስ በላይ ደግሞ የመስጊድ ንብረት በልቶ መኖር ምን እንደሆነ እናውቃለን። መስጊድ አጠገብ ያለ ወይም ኪራዩ ለመስጊድ ይገባ የነበረ ቤት ከሆነ የመስጊዱን ኮሚቴ ሽማግሌዎች ጠይቁ፤ በአዋጅ ቁጥር 1207/2012 ሕጋዊ ሰውነት ባገኘው በመጅሊስ በኩልም ማጣራት ይቻላል። አንድ ከሰዓት የሚፈጅ ሥራ ነው።

በውክልና የሚሸጥ፣ በውክልና የሚገዛ

ሻጩ ውጭ አገር ሆኖ በወኪል የሚሸጥ ከሆነ ውክልናውን ቃል በቃል አንብቡ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ወኪል የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልገዋል። “ንብረቴን ሁሉ እንዲያስተዳድር” የሚል ውክልና ለመሸጥ አይበቃም። መሸጥ የሚለው ቃልና የቤቱ መለያ ተጽፎ ሊገኝ ይገባል። ውጭ የተሰጠ ውክልና በኤምባሲ ወይም በቆንስላ የተረጋገጠና በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የታየ ይሁን። ከዚያ ያልተሻረ መሆኑን በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ፣ ሕዝቡ ውልና ማስረጃ በሚለው ቢሮ፣ አጣሩ። ወካዩ ከሞተ ውክልናው ያበቃል። ስለዚህ ባለቤቱን በቪዲዮ ስልክ አግኝታችሁ መታወቂያውን ይዞ እንዲያናግራችሁ መጠየቅ መብታችሁ ነው።

ገዢዋ እናንተ ሆናችሁ ከጅዳ ለወንድማችሁ ወይም ለአጎታችሁ ውክልና የምትልኩ ከሆነ ደግሞ፣ ውክልናው በእናንተ ስም እንዲገዛ የሚል ይሁን። በራሱ ስም ገዝቶ “በኋላ እናዛውራለን” ማለት የብዙ እህቶች ቤት የጠፋበት መንገድ ነው። የመግዣ ውክልና ውስጥ የመሸጥ ሥልጣን አታስገቡ።

ኮንዶሚኒየም፣ ሰነድ አልባና የገጠር መሬት

የኮንዶሚኒየም ቤት ለ5 ዓመት እንዳይሸጥ ገደብ አለበት፤ የባንክ ዕዳውም ብዙ ጊዜ አላለቀም። ገደቡ ሳያልቅ በውክልና “ተሽጦ” ስም ሳይዛወር ሦስት አራት እጅ ያለፈ ቤት ሞልቷል። ባለዕጣው ሲሞት ወይም ዋጋው ሲንር ውክልናው ብቻውን ከጉድ አያወጣም። ዕዳው ያለቀበትን የባንክ ደብዳቤና በሻጩ ስም የወጣውን ካርታ ካላያችሁ አትክፈሉ።

ሰነድ አልባ ቤት፣ ማለትም ካርታ የሌለው፣ “ይወጣለታል” እየተባለ ይሸጣል። በአዲስ አበባ እነዚህ ይዞታዎች ሲስተናገዱ ቤቱ በ1997 ዓ.ም. የአየር ካርታ ላይ መታየቱ ዋናው መመዘኛ ነበር። ካርታ ሳይወጣ መግዛት ቤት ሳይሆን ተስፋ መግዛት ነው። በከተማ ዳር ከገበሬ የሚገዛ መሬት ደግሞ ጨርሶ አይሆንም፤ የገጠር መሬት ሽያጭ በሕገ መንግሥቱም በአዋጅ ቁጥር 1324/2016ም የተከለከለ ነው። በምስክር ፊት የተፈረመችው ወረቀት ቤቱ ሲፈርስ አትከላከልላችሁም።

ገንዘብ የሚወጣበት ቀን

ቀብድ ስትሰጡ ውጤቱን እወቁ። በሕጉ ቀብድ የሰጠ ሰው ከውሉ ካፈገፈገ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ካፈገፈገ እጥፉን ይመልሳል። በፊቅህ ዐርቡን በሚባለው ላይ ዑለማዎች ተለያይተዋል፤ አብዛኞቹ ከልክለውታል፣ ሐንበሊዎች ፈቅደውታል። ለማንኛውም “በማጣራቱ ዕዳ፣ ዕገዳ ወይም ያልፈረመ ባለመብት ከተገኘ ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል” የሚል ዓረፍተ ነገር በቀብድ ውሉ ላይ ይኑር። ቀብዱንም ትንሽ አድርጉት፤ በጥሬ ገንዘብ ሳይሆን በባንክ ይተላለፍ።

የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ መሆንና በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት መመዝገብ እንዳለበት የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 ይደነግጋል። ሦስተኛ ወገንን የሚያስገድደው ግን በማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ ላይ ሲገባ ነው። ውልና ማስረጃ ፈርማችሁ ወደ ቤት ከሄዳችሁና ስም ሳይዛወር ከቀረ፣ በመካከል የመጣ የሻጩ አበዳሪ ቤቱን ሊያሳግድባችሁ ይችላል። ስለዚህ ከዋጋው የተወሰነውን ስም እስኪዛወር በእጃችሁ አቆዩ፤ ይህንንም በውሉ ጻፉት።

በውሉ ላይ ዋጋ አሳንሶ መጻፍ የተለመደ ሆኗል፤ ግብርና ቴምብር ለመቀነስ ይባላል። ውሉ ቢፈርስ ፍርድ ቤት እንዲመለስላችሁ የሚያዘው የተጻፈውን ነው። 6 ሚሊዮን ከፍሎ 1 ሚሊዮን የጻፈ ሰው 5 ሚሊዮኑን በምን ሊያስረዳ ነው? ሐሰት መሆኑን ሳንጠቅስ እንኳ ሒሳቡ አያዋጣም።

ስሙ ከተዛወረ በኋላ አዲሱን ካርታ በስማችሁ ተቀበሉ፤ በላዩ ያለውን የስማችሁን አጻጻፍ ከመታወቂያችሁ ጋር እዚያው መስኮቱ ላይ ቆማችሁ አስተያዩ፤ ስህተት ካለ በዚያው ቀን ያስተካክሉላችሁ። የመብራትና የውኃ ቆጣሪውን፣ የግብር መዝገቡንም በስማችሁ አዛውሩ። የውሉን፣ የባንክ ማስተላለፊያውን፣ የዕገዳ ማንሻውንና የወራሾችን ፊርማ ቅጂ በአንድ ፋይል አድርጋችሁ አንዱን ቅጂ ከቤቱ ውጭ፣ ለምታምኑት ሰው ስጡ።